ሕጉ የት አለ? ስለ «አራት ወር፥ ሦስት ሳምንትና ሁለት ቀን» የቀረበ ሂስ

ይህን ፊልም የደረሰውና ያዘጋጀው ክሪስቲያን ሙንጂዩ የተባለ የሩማንያ ተወላጅ ሲሆን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 በካን ከተማ በተደረገው ውድድር «የወርቅ ዘንባባ» የተባለውን ከፍተኛ ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1987 በሩማንያ ነው። ጋቢጻና ኦቲሊያ የሚባሉ በአንድ ክፍል የሚያድሩ ሁለት ተማሪዎች ሆቴል ይከራያሉ፤ ጋቢጻ አርግዛለችና ቤቤ የተባለ ሰው በስውር ሊያስወርዳት ይመጣል። ነገሩ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከአንድ ቀንና ሌሊት አይበልጥም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የፈለግነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሕጉ በዚህ ፊልም ውስጥ የት አለ የሚል ነው።

ከሂሱ አስቀድሞ ስለ ሕጉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሩማንያ ከ1957 ጀምሮ ማስወረድ በሴቲቱ ጥያቄ የሚፈጸም የተፈቀደ ሕክምና ነበር። የቻውሼስኩ መንግሥት ግን ሕዝቡን ለማብዛት በማሰብ በኦክቶበር 1966 ቁጥሩ 770 የሆነ አዋጅ አውጥቶ፥ የዕድሜ መግፋት፥ የልጆች መብዛት፥ የእናቲቱ ሕይወት በአደጋ ላይ መውደቅ፥ መደፈርና እነዚህን የመሳሰሉ ጥቂት ምክንያቶች ካልኖሩ በቀር ከለከለው። የእርግዝና መከላከያም በግልጽ ባይከለከል እንኳ በመድኃኒት ቤት የማይገኝ የጥቁር ገበያ ዕቃ ሆነ። በ1966 ወደ 274,000 ሕፃናት የተወለዱ ሲሆን በ1967 ቁጥሩ ወደ 528,000 ዘለለ፤ ዳሩ ግን ሕዝቡ ስውሩን መንገድ እየለመደ ሲሄድ የልደቱ ቁጥር ተመልሶ ወረደ። ሙንጂዩ ራሱ በ1968 የተወለደ ስለ ሆነ የዚያ አዋጅ ትውልድ ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በፊልሙ ውስጥ ችሎት አናይም፤ አዋጁንም የሚያስረዳን የለም። በሆቴሉ ክፍል የሕጉን ቅጣት ጠቅሶ የሚናገረው ሕጉን ሊጥስ የመጣው ቤቤ ነው። ጽንሱ ከአራት ወር ማለፉን በተረዳ ጊዜ ስለሚጠብቃቸው የእስራት ዘመን በዝግታ ያስረዳቸዋል፤ ከዚያም የያዙት ገንዘብ እንደማይበቃው ገልጾ ከሁለቱም ጋር ለመተኛት ይጠይቃል። ቅጣቱ በከበደ መጠን የቤቤም ዋጋ ይከብዳል። እንግዲህ ሕጉ ቤቤን አላጠፋውም፤ ይልቁንም ተመን አወጣለት። ይህን ያለ ምንም ስብከት በአንድ ክርክር ማሳየቱ የፊልሙ ዋና ችሎታ ይመስለናል።

ሌላው ታላቅ ትርኢት የእራቱ ነው። ኦቲሊያ ጓደኛዋን በሆቴል ትታ የፍቅረኛዋን የአዲን እናት የልደት በዓል ለማክበር ትሄዳለች። በገበታው ዙሪያ ያሉት እንግዶች አብዛኞቹ ሐኪሞች ናቸው። ካሜራው ሳይነቃነቅ ለረጅም ጊዜ ፊቷን ያሳየናል፤ እነርሱ ስለ ተራ ነገር ይጫወታሉ። ጋቢጻን ሊያድናት የሚችል እውቀት ሁሉ በዚያ ገበታ ተቀምጦ ሳለ፥ ኦቲሊያ አፍ አውጥታ ልትጠይቅ አትችልም። ከዚያም አዲን ብቻውን አግኝታ እርሷስ ብታረግዝ ምን እንደሚያደርግ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም እንጋባለን ከማለት በቀር መልስ የለውም። መከላከያ በጠፋበት አገር ፍርሃቱ የሚወድቀው በማን ላይ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ዳሩ ግን ፊልሙ ጉድለት የለውም አንልም። አገሩን የማያውቅ ተመልካች እነዚያን ሐኪሞች ግድ የለሾች ብቻ አድርጎ ሊፈርድባቸው ይችላል። አዋጁ ግን ሐኪሙንም አስሮት ነበር፤ በአስቸኳይ አደጋ ጊዜ እንኳ ጽንስ የሚያስወጣ ሐኪም አስቀድሞ፥ ይህ ባይቻለው በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓቃቤ ሕግ ማስታወቅ ነበረበት። ደም እየፈሰሳት የመጣች ሴት በሽተኛ ብቻ ሳትሆን የክስ ማስረጃም ሆነች። ፊልሙ ይህን ጨርሶ አያነሣውም፤ በዚህም ምክንያት የሐኪሙ ዝምታ ከየት እንደ መጣ ሳናውቅ እንቀራለን።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ጋቢጻ ውሸታምና ዝንጉ ስለ ሆነች ጥፋቱ የራሷ ነው ብለው ተከራክረውናል። የጽንሱን ዕድሜ አሳንሳ መናገሯ እውነት ነው። ነገር ግን እውነቱን ብትናገር የሚሰማት ሐኪም የት ነበር? ሙንጂዩም ቢሆን ነገሩን አላቀለለውም፤ የወጣውን ጽንስ በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በግልጽ አሳይቶናል። ስለዚህ ማስወረድን የሚነቅፍ ሰውም ፊልሙን አታለለኝ ሊል አይችልም። ፊልሙ የሚጠይቀው ክልከላው ነገሩን አስቀረው ወይስ አላስቀረውም ብሎ ነው።

ለዚህም ጥያቄ ታሪክ መልስ ሰጥቷል። በ1989 በሩማንያ ከ100,000 ሕያው ልደት ከ150 በላይ እናቶች ይሞቱ ነበር፤ የብዙዎቹም ሞት ምክንያት በስውር ማስወረድ ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር መንግሥቱ በወደቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ አዋጁ ተሻረ፤ በ1990ም የእናቶች ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ።

በፊልሙ መጨረሻ ኦቲሊያ ስለዚህ ነገር ዳግመኛ እንዳንነጋገር ብላ ጓደኛዋን ታሳስባታለች። እኛ ግን የሕግና የሕክምና ተማሪዎች ፊልሙን አብረው አይተው ቢነጋገሩበት እንወዳለን፤ የአንዱ ሙያ በሌላው ላይ ምን እንደሚያደርስ በዚህ ፊልም ውስጥ በግልጽ ይታያልና።