ራስጌው ላይ የተቋጠረ ስንኝ

ካሴቱ ከመዳፍ አይሰፋም። ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 6 ተኩል ገደማ ነው። ሁለቱን የፕላስቲክ ክዳኖች አምስት ትናንሽ ብሎኖች ገጥመዋቸዋል፤ አራቱ በየማዕዘኑ፣ አንዱ መሐል ላይ። ብሎኖቹን ፈትቼ የላይኛውን ክዳን ሳነሣ ውስጡ ንጹሕ ነበር። ቡናማው ክር ጠርዙ ሳይዛነፍ በሁለቱ ጥቅሎች ላይ ተጠምጥሟል። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ክሩን ወደ ቴፑ ራስ ገፋ አድርጋ የምትይዘው ትንሽ የሱፍ ቁራጭ ከቀጭን ሞላዋ ላይ ተላቃለች። የጅቡቲ ሙቀት ማጣበቂያውን ጨርሶታል።

ካሴቱን ያመጡልኝ ጎረቤቴ ናቸው። እኛ ባለንበት የባልባላ መንደር ትንሹም ትልቁም ‹‹ኤዶ›› ይላቸዋል፤ በሶማሊኛ የአባት እኅት ማለት ነው። እኔም እንደ ሰፈሩ ልጅ ኤዶ እላቸዋለሁ። ‹‹ድምፁ ታፍኗል። አደራ፣ ክሩን እንዳትቆርጥብኝ›› አሉኝ። ከሞተ ካሴት ላይ ሱፉን ከነሞላው አወጣሁና በቦታው አስገባሁት። ሁለቱ ካሴቶች የተለያየ አገር ሥራ ናቸው፤ ሞላው ግን ልክ ገባ። ብሎኖቹን መልሼ ቴፑ ውስጥ ከተትኩት።

መጀመሪያ የመጣው ከበሮ ነው። ከዚያ ጭብጨባ። ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ። ይህ ቡራንቡር ይባላል፤ የሶማሌ ሴቶች የራሳቸው የግጥም ዓይነት ነው። በሰርግ ግቢ ሴቶች ክብ ሠርተው ያጨበጭባሉ፣ አንዷ ትገጥማለች፣ ሌላዋ ወደ መሐል ወጥታ ትጨፍራለች። ከሩቅ ለሚሰማው የሰርግ ሁካታ ነው። ጠጋ ብሎ ለሚሰማው ግን መጋጠሚያው የማይታይ የእንጨት ሥራ ይመስላል።

በአማርኛ ስንኝ ይቋጠራል እንላለን። የእኛ ቋጠሮ ግርጌው ላይ ነው፤ ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። የሶማሊኛው ቋጠሮ ራስጌው ላይ ነው። ገጣሚዋ አንድ ድምፅ ትመርጣለች፤ በእያንዳንዱ መስመር ቢያንስ አንድ ዋና ቃል በዚያ ድምፅ መጀመር አለበት። ግጥሙ አሥር መስመር ቢሆን፣ መቶም ቢሆን፣ ድምፁ እስከ መጨረሻው አይለወጥም። በእኛ ቋንቋ ብንሞክረው እንዲህ ይሆናል፦ ማለዳ ተነሥታ፣ ማሰሮ አዝላ፤ ምንጭ ወረደች፣ መንገዱ ረጅም ነው። መጨረሻቸው አይገጥምም። ሁለቱን መስመሮች ያሰራቸው ‹‹መ›› ነው። ሁለት መስመር ቀላል ነው። በኤዶ ካሴት ውስጥ ያሉት ሴት ግን አንዱን ድምፅ ሳይለቁ የካሴቱን አንድ ፊት ሊጨርሱ ምንም አልቀራቸውም።

የመረጡት ድምፅ ‹‹ሐ›› ነው። እዚህ ላይ የእኔ ጆሮ ብዙ ተቸገረ። እኛ ሀ፣ ሐ እና ኀን በፊደል ለይተን እንጽፋለን፤ ስንናገር ግን ሦስቱም አንድ ሆነዋል። ሶማሊኛ ሀ እና ሐን እስከ ዛሬ በጉሮሮ ይለያቸዋል። ሐ ከጥልቅ ይወጣል፤ ሀ ትንፋሽ ብቻ ነው። በሐ የተጀመረ ግጥም ውስጥ ሀ ማስገባት የተሰበረ ማጠፊያ እንደ መግጠም ነው፤ በሩ ይንጠለጠላል እንጂ አይዘጋም። ዐ እና አም እንዲሁ የተለያዩ ናቸው። በሌላ በኩል በአናባቢ የሚጀምሩ ቃላት፣ አናባቢያቸው የትኛውም ቢሆን፣ እንደ አንድ ድምፅ ይቆጠራሉ። ሕጉ የሚጠብቅበትም የሚላላበትም ቦታ አለው፤ ሁለቱንም በልክ።

ሁለተኛው ልክ ርዝመት ነው። በሶማሊኛ አጭር አናባቢ አንድ፣ ረጅም አናባቢ ሁለት ይመዝናል። መስመሩ የተወሰነ ክብደት አለው፤ ረጅሙና አጭሩ የሚያርፉበት ቦታም የታወቀ ነው። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በዚያ አጻጻፍ ረጅሙ አናባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ ክብደቱን በዓይን መቁጠር ይቻላል። ገጣሚው መሐመድ ሐሺ ዳማዕ፣ በቅጽል ስማቸው ጋርዬ፣ የሶማሊኛን ግጥም ልኬት ተንትነው በጋዜጣ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሴቶቹ ግን ማንም ሕጉን ሳይጽፍላቸው ለትውልዶች በዚያው ልክ ሲሠሩ ኖረዋል። ሜትር ያልያዘ አናጢ በጣቱ ለክቶ በሩን እንደሚገጥመው፣ እነሱም በጭብጨባው ይለኩ ነበር።

ሁለቱ ልኮች አንድ ላይ ሲመጡ ሥራው ይጠብቃል። ቃሉ በሐ መጀመር አለበት፤ ክብደቱም መስመሩን ማጉደል የለበትም፤ ትርጉሙም መቅረት የለበትም። ገጣሚዋን የሚያግዟት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሶማሊኛ ዐረፍተ ነገር ቃላቱን ከቦታ ቦታ ለማንቀሳቀስ መፍቀዱ ነው። ሁለተኛው የቃላት ብዛት ነው፤ ለግመሏ ብቻ እንደ ዕድሜዋ፣ እንደ ወተቷና እንደ ጠባይዋ ስንት ስም አለ። ኤዶ አንድ መስመር ላይ ቴፑን አስቆሙኝ። ‹‹እዚህ ጋ ‘እናት’ ማለት ፈልጋ ነበር። ቃሉ በሐ አይጀምርም። ስለዚህ የእናትየዋን እጅ ሥራ ጠራች።›› መስመሩን መልሼ ሰማሁት። እናት የሚል ቃል የለበትም፤ እናትየዋ ግን አለች።

እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት ይታተማል? ለረጅም ዘመን ማተሚያው አፍ ነበር። በሶማሌዎች ወግ ግጥም በቃሉ ይዞ የሚያደርስ ሰው ሁለት ግዴታ አለበት፤ የገጣሚውን ስም ይጠራል፣ ቃል አይለውጥም። ይህ ወግ የወንዶቹን ግጥም፣ ጋበይን፣ ከትውልድ ትውልድ አሻግሯል። የሴቶቹ ግን ያን ያህል ተሸካሚ አልነበረውም። ብዙ ቡራንቡር ሰርጉ ሲበተን አብሮ ተበትኗል። በእኛም አገር ያው ነው። ሙሾ አውራጅ ሴቶች ለስንቱ ለቅሶ ቤት የገጠሙት በየቀብሩ ቀርቷል። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ስማቸው በተማሪዎቻቸው አፍ ቆይቷል።

እዚህ ላይ አንድ የሩቅ መጽሐፍ ትዝ ይለኛል። ፊሊስ ዊትሊ ከምዕራብ አፍሪካ በሕፃንነቷ ተወስዳ እ.ኤ.አ. በ1761 ቦስተን ውስጥ የተሸጠች ልጅ ናት። የግጥም መጽሐፏን እዚያው ለማሳተም በ1772 የቀረበው የቅድሚያ ግዥ ጥሪ በቂ ፈራሚ አላገኘም፤ መጽሐፉ በ1773 ለንደን ታተመ። የመጽሐፉን ፎቶግራፍ ገጽ በገጽ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ በመዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል አለ። ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ቀኝ እጇ የላባ ብዕር ይዟል፣ ግራ እጇ ጉንጯ ላይ ነው፣ ከፊቷ ወረቀትና የቀለም ዕቃ አለ። ሥዕሉን እንደ ቀለበት የከበበው ጽሑፍ ስሟን ይናገራል፤ ከስሟ ቀጥሎም የማን አገልጋይ እንደሆነች። ግጥሞቹ 39 ናቸው። ከእነሱ በፊት ግን ሌላ ገጽ ይቀድማል፤ 18 የቦስተን ታላላቅ ሰዎች ግጥሞቹ የእሷ መሆናቸውን የመሰከሩበት ነው።

የስንኟ አሠራር ለእኛ ጆሮ ይቀርባል። አሥር ቀለም፣ አምስት ምት፣ ሁለት ሁለት መስመር ግርጌው ላይ የሚቋጠር። ከግጥሞቹ በርካታዎቹ ለሞተ ሰው የተገጠሙ ናቸው። ስሟን ያስጠራትም በ1770 ለሰባኪው ጆርጅ ዋይትፊልድ ሞት የገጠመችው ሙሾ ነው። ከእሷ በፊት እዚያው አገር የኖረችው ገጣሚ አን ብራድስትሪት በ1650 ለንደን ላይ ስትታተም የእጅ ጽሑፏን የወሰደው የእኅቷ ባል ነበር፤ እሷ አላወቀችም፤ በርእስ ገጹም ላይ ስሟ የለም። መጽሐፉ ሲደርሳት አዝና አልተወችውም፤ ስንኙን እየለካች ታርም ጀመር። የታረመው እትም ቦስተን ላይ የወጣው በ1678 ነው፤ ከሞተች ከስድስት ዓመት በኋላ። ሦስት መቶ ዓመትና ስንት ባሕር ቢለያያቸውም የእነዚህ ሴቶች ጭንቀት አንድ ነው፤ ልኩ እንዳይጎድል፣ ስሙ እንዳይጠፋ።

ወደ ካሴቱ ልመለስ። የክሩ ወርድ 3.81 ሚሊ ሜትር ነው። የካሴቱ አንድ ፊት የዚያን ግማሽ ይይዛል፤ ሌላው ፊት በቀሪው ግማሽ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 90 ሜትር ክር አለው። የሶማሊኛ ግጥም በዚህ ክር ከከተማ ከተማ፣ ከወደብ ወደብ ተጉዟል። ማተሚያ ቤት አላስፈለገም፤ ሁለት ቴፕ ያለው ጎረቤት በቂ ነበር። በእያንዳንዱ ቅጂ ሹክሹክታው ትንሽ ይጨምራል፤ ቃሉ ግን አይለወጥም።

በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ከተሰበሩ ቴፑ በላዩ ላይ ሌላ ነገር አይቀዳም። በኤዶ ካሴት ላይ ሁለቱም ተሰብረዋል። ስብራቱ ቀጥ ያለ ነው፤ በቢላ ጫፍ የተሠራ። ይህን ግጥም ማንም እንዳያጠፋው ያሰበ ሰው ነበር።

ክሩን ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ከከበሮው በፊት ሳላስተውለው ያለፍኩት ድምፅ አለ። አንዲት ሴት ረጋ ብላ አንድ ዐረፍተ ነገር ትናገራለች፤ የገጣሚዋን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ። ለቦስተኗ ልጅ 18 ፊርማ አስፈልጎ ነበር። እዚህ የመሰከረችው አንዲት ሴት ናት።

ኤዶ ቅጂ እንድሠራላቸው ለመኑኝ፤ ለልጃቸው ልጅ ነው። ቀዳሁት። ጥርሶቹን ሰበርኩ። ወረቀቱ ላይ ልጽፍ የገጣሚዋን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ። ኤዶ እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ‹‹ከዚህ›› አሉኝ። ደግሜ ጠራሁ። በሦስተኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዕሩን አነሣሁና በሐመሩ ሐ ጻፍኩት።