ስለ ጽንስ መዛባትና ስለ 120 ቀን ስሌት፦ በመካው ውሳኔ ላይ የቀረበ ሂስ

የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 መካ ላይ ባካሄደው 12ኛ ጉባኤ፣ ጽንሱ 120 ቀን ሳይሞላው ብቁና ታማኝ የሐኪሞች ቦርድ ከባድና የማይድን መዛባት እንዳለበት በምርመራ ካረጋገጠ፣ ወላጆችም ከጠየቁ፣ እርግዝናው ሊቋረጥ እንደሚችል ወሰነ። ከዚያ በኋላ ግን የእናቲቱ ሕይወት ለአደጋ ካልተጋለጠ በቀር ከለከለ። በዘር ስለሚተላለፉ ሕመሞች የሚጠየቅ ኢማም ዛሬም የሚያጣቅሰው ይህንኑ ነው።

«መዛባት» የሚለው ቃል በቅድሚያ የሚጠቁመው የሚታይ የአካል ጉድለትን ነው። ቤታ ታላሲሚያ ያለበት ጽንስ ግን በአልትራሳውንድ ሲታይ መልኩ ሙሉ ነው፤ ከባዱ ሕመም የሚገለጠው ከተወለደ በኋላ ሲሆን፣ ሕፃኑም በየጊዜው ደም እየተሰጠው ይኖራል። ይህ «የተዛባ» ነውን? «የማይድን»ስ? ውሳኔው ዝም ይላል። ያው ምክር ቤት በ2007 የጽንስን ጾታ ስለመምረጥ ሲወስን፣ አንዱን ጾታ ብቻ የሚያጠቁ የዘር ሕመሞችን ለይቶ ጠቅሷል፤ የ1990ው ጽሑፍ ይህ ግልጽነት ይጎድለዋል።

ሁለተኛው ችግር ግን የእኛው የአስተላላፊዎቹ ነው። የ120 ቀኑ መሠረት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሐዲስ ሲሆን፣ ስሌቱ ከተጸነሰበት ቀን ይጀምራል። ሐኪም የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀድማል። ስለዚህ 120ኛው ቀን በሐኪሙ ካርድ ላይ የሚውለው 17ኛው ሳምንት ሲያልቅ ሳይሆን 19 ሳምንት ሲሞላ ነው። የእንሽርት ውኃ ምርመራ የሚደረገው ከ15ኛው ሳምንት ወዲህ ነው፤ ውጤቱም ሊዘገይ ይችላል። ልዩነቱን ያላስተዋለ ኢማም ጊዜ ያላቸውን ወላጆች «አልፏል» ብሎ ይመልሳል። ጥንቃቄ ነው የሚል ይኖራል፤ ጥንቃቄ ከሆነ ታውቆ የተመረጠ ይሁን።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሌላው ነው። ወላጆች ከመጠየቃቸው በፊት ነገሩን ማን ያስረዳቸዋል? ሁለቱም ተሸካሚ የሆኑ ባልና ሚስት በእያንዳንዱ እርግዝና የታመመ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው 25 በመቶ ነው፤ ይህም አንዱ ከታመመ ቀጣዮቹ ሦስቱ ይድናሉ ማለት አይደለም። ከራሳቸው ዘር ከማህፀን ውጭ የተገኘውን ጽንስ መርምሮ ጤናማውን መመለስ እንደሚቻልም የሚነግራቸው ያስፈልጋል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2004 ጀምሮ የቅድመ ጋብቻ ምርመራን ግዴታ ስታደርግ ምርጫውን ለተጫጩት ትታለች፤ ለአደጋ ከተጋለጡት መካከል ጋብቻውን የተዉት በ2004 ከነበሩበት 9 በመቶ ገደማ በ2009 ወደ 52 በመቶ ገደማ ደርሰዋል። የ120 ቀኑ ጥያቄ ነገ የሚመጣው ከቀሩት ጥንዶች ነው።