የስሚ ስሚ፦ በካቶሊክ ካህናት የተሸጡ ሰዎች ልጆችና የትውስታ ሚዛን

ሉዊዚያና እንደገቡ ሁሉም በንዳድ አለቁ፤ ዘር አልተረፋቸውም። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነው ሪቻርድ ቼሊኒ በ2015 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሜሪላንድ ካቶሊክ ካህናት በ1838 ስላካሄዱት የባሪያ ሽያጭ ጠይቆ ከዩኒቨርሲቲው ያገኘው መልስ ይህ ነበር። ቼሊኒ አልተዋጠለትም። 272 ሰው፣ ሕፃን ከሽማግሌ፣ አንድም ሳይቀር እንዴት ያልቃል? የዘር ሐረግ አጥኚዎች ቀጥሮ ሲያስጠና ተወላጆቹ በሺዎች ተቆጠሩ። ከእነሱም ብዙዎቹ ዛሬም የሚኖሩት ቅድመ አያቶቻቸው ከተራገፉበት አካባቢ፣ ማሪንግዊን በምትባል ትንሽ የሉዊዚያና ከተማና በዙሪያዋ ነው።

ለዚያ መልስ የሚቀርብ ሰነድ አልነበረም። አንዱ ለሌላው ሲነግረው የኖረ፣ በፍርድ ቤት ቋንቋ የስሚ ስሚ የሚባል ወሬ ነው። ያውም የሽያጩን ውልና የስም ዝርዝሩን የያዙ ወረቀቶች በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ሳለ። እኔ በዚህ ዳሰሳ የምሟገተው ለዚህ ነው፤ በሜሪላንድ ካቶሊኮች የባርነት ታሪክ ውስጥ የአፍ ትውስታ በእኩል ሚዛን ተመዝኖ አያውቅም። የባለቤቱ ወሬ ያለ ምስክር ታሪክ ሆኖ ያልፋል፤ የባሪያው ልጅ የሚያስታውሰው ግን ወረቀት እስኪመሰክርለት በር ላይ ይቆማል።

ኢየሱሳውያን፣ በእኛ አፍ ጀስዊቶች፣ ሜሪላንድ የገቡት በ1634 ነው። ዐፄ ፋሲል የእነዚሁኑ ማኅበር ካህናት ከኢትዮጵያ ባባረሩበት ሰሞን መሆኑ ነው። በአዲሱ ምድር ሰፊ መሬት ያዙ፤ ትምባሆና እህል የሚያመርትላቸውም የባሪያ ጉልበት ነበር። እንደ ዋይት ማርሽና ሴንት ኢኒጎስ ያሉት እርሻዎቻቸው የሚስዮኑን ሥራ ይደጉሙ ነበር። በ1838 የእርሻዎቹ ገቢ ደክሞ የኮሌጃቸው የጆርጅታውን ዕዳ ሲከብድ፣ የማኅበሩ የሜሪላንድ አለቃ ቶማስ ሙለዲ ሰዎቹን ለሉዊዚያናዎቹ ሄንሪ ጆንሰንና ጄሲ ቤቲ በ115,000 ዶላር ሸጣቸው። ሮም ያለው የማኅበሩ ጠቅላይ አለቃ ያን ሮታን ሽያጩን ሲፈቅድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር፦ ቤተሰብ እንዳይለያይ፣ ሰዎቹ በሄዱበት ሃይማኖታቸውን እንዲይዙ፣ ገንዘቡም ለዕዳ እንዳይውል። ሦስቱም ፈረሱ። ከመጀመሪያው 25,000 ዶላር ክፍያ 17,000ው የኮሌጁን ዕዳ ከፈለ። ውሉ የሚጀምረው አይዛክ በተባለ የ65 ዓመት ሰው ነው፤ ልጆቹ በዕድሜያቸው ተከትለው ተጽፈዋል። ጸሐፊው ማን የማን ልጅ እንደሆነ የመዘገበው ዋጋ ለማስላት ይሁን ወይም የሮታንን ቃል ለማክበር፣ ዛሬ ለተወላጆቹ የዘር ሐረግ መነሻ የሆነው ይኸው ዝርዝር ነው። ለሽያጭ የተጻፈ ወረቀት የዘመድ መዝገብ ሲሆን ማየት፣ በእውነቱ፣ ለአንባቢው አይመችም።

ሽያጩ ግን የነገሩ መጀመሪያ አይደለም። ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1791፣ ኤድዋርድ ክዊን የተባለ ሰው ያገለግለው የነበረውን ኢየሱሳዊ ካህን ጆን አሽተንን ከሰሰ። አቤቱታው አያቴ ሜሪ ክዊን ነጻ ሴት ነበረች፣ ስለዚህ እኔም ነጻ ነኝ የሚል ነው። ማስረጃው ሽማግሌዎች ስለ ሜሪ ከወላጆቻቸው የሰሙት ነበር። የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ያን ምስክርነት ተቀበለ፤ ኤድዋርድ በ1794 ረታ፤ ዘመዶቹም ተከተሉት። ካህናቱን ያስደነገጣቸው ይህ ይመስለኛል። በባርነት የያዟቸው ሰዎች ወረቀት ሳይኖራቸው ታሪክ ነበራቸው፤ ታሪኩም ዳኛ ፊት ቆሞ ሊረታ ቻለ።

ብዙ አልዘለቀም። ማይማ ክዊን በዚያው የዘር ቃል ዋሽንግተን ላይ ጆን ሄፕበርንን ከሳ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል በ1813 የስሚ ስሚ ለነጻነት ጥያቄ ማስረጃ አይሆንም ብለው ዘጉት። ውሳኔው በአሜሪካ የማስረጃ ሕግ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ዳኛው ራሳቸው የስሚ ስሚ የሚፈቀድባቸውን ጉዳዮች ዘርዝረዋል፤ ከእነዚህ መካከል የትውልድ ሐረግና አንዳንዴም የመሬት ወሰን አሉ። ገብርኤል ዱቫል የተባሉት ዳኛ ብቻቸውን ተለዩ። እኚህ ሰው ቀድሞ በሜሪላንድ ለክዊን ቤተሰብ የቆሙ ጠበቃ ነበሩ፤ ነጻነት ከመሬት ወሰን እንዴት ያንሳል ሲሉ ተሟገቱ። ይህን ክርክር የኢትዮጵያ አንባቢ ሳያብራሩለት ይገባዋል። በርስት ሙግት ዘመን ሽማግሌ ተነሥቶ አቅኚ አባቱን እየቆጠረ፣ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ ሲመሰክር ዳኛው ያዳምጥ ነበር። ያው ባህል በቤታችን ባሪያ ለነበሩት ሰዎች ልጆች ደግሞ ዝም እንደሚል ሳልጠቅስ ብተወው ግን ጽሑፉ ሚዛን ይጎድለዋል።

ከተሸጡት አንዱ ፍራንክ ካምቤል ነው። የሱ ነገር ትውስታና ሰነድ እንዴት እንደሚገናኙ ከማንም በላይ ያሳያል። ፍራንክ በኅዳር 1833 ሜሪላንድ ውስጥ ገና ጎረምሳ ሳለ የከዋክብት ናዳ ሰማዩን ሲያነደው አይቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ሉዊዚያና ሸንኮራ እርሻ ተጓዘ፤ ባርነት ካበቃም በኋላ እዚያው አረጀ። ያችን ሌሊት ግን አልረሳትም፤ ሲተርካት የሰሙት መዝግበውለታል። ፎቶግራፉ በሉዊዚያናው ኒኮልስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተገኝቷል፤ ጋዜጠኛዋ ሬቸል ስዋርንስ በ2017 ለሕዝብ ስታቀርበው በሽያጩ ዝርዝር ካሉት ሰዎች መልኩ የታወቀ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሥዕሉ ላይ ያለው የሸበተ፣ ሱፍ የለበሰ፣ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። የውሉ ጸሐፊ ስለ ፍራንክ ስሙንና ዕድሜውን ያውቃል። ሰማዩን ያየው ፍራንክ ነው፤ የትውልድ አገሩን ከነዘመኑ ያሳወቀውም ይኸው የራሱ ቃል ነው።

ማሪንግዊን ላይ ያለው ትውስታ ሌላ ዓይነት ነው። በ13 ዓመቱ የተጫነው ኮርኔሊየስ ሀውኪንስ በካቶሊኮች መካነ መቃብር ተቀብሯል፤ ዘሮቹም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ ኖረዋል። የሃይማኖታቸውን ምንጭ የጠየቀ ልጅ ሁሌም ካቶሊክ ነበርን ይባል ነበር። ካቶሊክ ያደረጓቸው ካህናት የሸጧቸው ካህናት መሆናቸውን ብዙዎቹ የሰሙት ከ2015 በኋላ ነው። ይህን መርሳት ድክመት ነው ብዬ አልፈርድም። እምነቱንና ስሙን አጥብቆ ይዞ ምክንያቱን መጣል፣ አብሮ ለመኖር ሲባል የተመረጠ መንገድ ሊሆን ይችላል። ኢየሱሳውያኑ በ2017 በይፋ ይቅርታ ሲጠይቁ የተቀበላቸው ምእመን ያልለቀቃቸው ምእመን ስለነበር፣ ይቅርታው ከዩኒቨርሲቲ ሥነ ሥርዓት አልፎ የንስሐ ጸሎት መልክ ያዘ። በጆርጅታውን ሙለዲ የተባለው ሕንፃ በውሉ መጀመሪያ በተጻፈው ሰው ስም አይዛክ ሀውኪንስ ተባለ፤ ተወላጆችም በመግቢያ ምዘና የምሩቅ ልጆች የሚያገኙትን አስተያየት ያገኛሉ ተባለ። በ2019 ተማሪዎች በየሴሚስተሩ 27.20 ዶላር ለተወላጆች እንክፈል ብለው በድምፅ ሲያጸድቁት አስተዳደሩ በራሱ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ተካው። በ2021 ማኅበሩ ለተወላጆች ፋውንዴሽን 100 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገባ። ስለ ገንዘቡ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ወደዚያ አልገባም።

እኔን የሚያሳስበኝ 272 የሚለው ቁጥር ነው። ተወላጆች ማኅበራቸውን በዚህ ቁጥር ሰየሙ፤ መጻሕፍቱም በእሱ ይጠራሉ። ኋላ በተደረገ ጥናት ግን ከዝርዝሩ ሁሉ ወደ ሉዊዚያና የደረሱት 206 ብቻ እንደሆኑ ተቆጥሯል። ሌሎቹ ሜሪላንድ ቀሩ፣ ወይም በሌላ መንገድ ተሸጡ። ቁጥሩ የሻጩ ነው፤ ከ1838 በፊትም ሆነ ከሜሪላንድ ውጭ የሆነውን አይጨምርም። በ1823 ኢየሱሳውያን ወደ ሚዙሪ ሲሄዱ ሦስት ባልና ሚስት ይዘው ሄደዋል፤ ቶምና ፖሊ፣ ሞሰስና ናንሲ፣ አይዛክና ሱዛን። እነዚህ ከ272ቱ ውስጥ የሉም። ማኅበሩ ራሱ በ2016 በሴንት ሉዊስ በኩል ምርመራ ሲጀምር የነሱንም ዘር መፈለግ ግድ ሆነበት። ሌሎች ገዳማትና መነኮሳት የያዟቸው ሰዎች ልጆችም አሉ፤ ለብዙዎቹ እንዲህ የታወቀ ዝርዝር የለም። አያቴ እንዲህ ብላ ነገረችኝ ብለው ሲመጡ፣ የዘር ሐረጉን የሚመረምረው ሰው ማርሻልን ይከተል ወይም ዱቫልን፣ በእያንዳንዱ የተወላጅነት ማመልከቻ እየተወሰነ ነው።