የአባትና የልጅ መቃብር፦ ስለ ኢስታንቡል የአርኪዎሎጂ ቤተ መዘክር

የአንድ ቤተ መዘክር ታሪክ ከሰበሰባቸው ቅርሶች ታሪክ ተለይቶ አይነገርም። ቅርሱ ከየት መጣ፣ በማን እጅ መጣ፣ በምንስ ሕግ መጣ ብሎ መጠየቅ የሐያሲም የመምህርም ግዴታ ነው። ለዚህ ጥያቄ የኢስታንቡል የአርኪዎሎጂ ቤተ መዘክር ሁነኛ ምሳሌ ይሆናል።

በኦቶማን መንግሥት ጥንታዊ ዕቃዎች በሐጊያ ኢሬኔ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን መሰብሰብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ስብስቡ ግን መልክ የያዘው ሠዓሊው ኦስማን ሐምዲ ቤይ በ1881 ኃላፊ ሆነው ከተሾሙ ወዲህ ነበር። በፓሪስ ሥዕል የተማሩት እኚህ ሰው፣ ቅርስን የሚጠብቀው አድናቆት ብቻ ሳይሆን ሕግም ጭምር መሆኑን ተረዱ። በ1884 የወጣው ደንብ ጥንታዊ ቅርሶች ከግዛቱ እንዳይወጡ ከለከለ። በ1887 በሲዶና የነገሥታት መቃብር ሲገኝ ቁፋሮውን ራሳቸው መሩ። የወጡት የድንጋይ ሬሣ ሣጥኖች ወደ ኢስታንቡል ተጓዙ፤ አሌክሳንድር ቫሎሪ የነደፈው ሕንፃም በ1891 ተከፍቶ ማረፊያቸው ሆነ።

ከሣጥኖቹ ሁሉ ዝነኛው በታላቁ እስክንድር ስም የሚጠራው ነው፤ ይሁንና እስክንድር አልተቀበረበትም። ለተውኔት ሰው ይበልጥ የሚናገረው የአልቃሾቹ ሣጥን ነው። ዐሥራ ስምንት ሴቶች በዐምዶች መካከል ይታያሉ። አልቃሾች ይባሉ እንጂ ጩኸት የለባቸውም፤ ሐዘናቸው በአንገታቸው ዝንባሌና በእጃቸው አቀማመጥ ይነበባል።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረን ግን የንጉሥ ታብኒት ሣጥን ነው። በፊንቄ ፊደል የተቀረጸበት ቃል መቃብሩን የሚከፍተውን ይረግማል። የልጁ የኤሽሙናዛር ሣጥንም እንዲሁ እርግማን ተጽፎበታል። የልጁ በ1855 ተገኝቶ ፓሪስ ሉቭር ገባ፤ የአባቱ በ1887 ተገኝቶ ኢስታንቡል ገባ። አባትንና ልጅን የለያያቸው ሠላሳ ሁለት ዓመትና አንድ ደንብ ነው።

ደንቡ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ግማሽ ሥራ ነበር። ቅርሱን ከአውሮፓ አዳነ፤ ለሲዶና ግን አላስቀረላትም። ዛሬ በሊባኖስ የምትገኘው ይህች ከተማ አባቱም ልጁም ርቀዋታል። ቅርስን ከባዕድ እጅ ማዳን አንድ ነገር ነው፤ ላበቀለው ምድር ሕዝብ ማቆየት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን የፈጸመ ቤተ መዘክር ምስጋና ይገባዋል፤ ሁለተኛውን ግን አይተካለትም።

ይህ ትችት ለኢስታንቡል ብቻ የተሰነዘረ አይደለም። ከአውራጃ ወደ ዋና ከተማ ቅርስ የሚያጓጉዝ ሁሉ ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በቅርሱ ሥር የሚለጠፈው ጽሑፍ ዘመኑንና የድንጋዩን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የመጣበትን መንገድና የተለየውን አገርም ይንገረን። ይህን የደበቀ ቤተ መዘክር ቢያምርም ራሱ ሁለተኛ መቃብር ይሆናል።