«አትራክቲቭ» እና «ማራኪ»

«አትራክቲቭ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል የመጣው «ወደ ራስ መጎተት» የሚል ፍች ካለው የላቲን ግሥ ነው። ሥሩን ከተከተልን የአማርኛ አቻው «ሳቢ» ይሆናል፤ ፊዚክስም «የመሬት ስበት» ሲል ይህንኑ መርጧል። በዘመኑ ጽሑፍ ግን ሰውም፣ ደመወዝም፣ ትረካም «ማራኪ» መባሉ ተለምዷል። ይህን አንደግፈውም።

«ማራኪ» ከግዕዙ «ማህረከ» የወረደ የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ «ምርኮ»ና «ምርኮኛ» የዚያው ሥር ናቸው። ውበት ልብን ማረከ ሲባል ተመልካቹ ተሸናፊ ሆኖ ይሣላል። ዘይቤው ለመልክዓ ምድር፣ ለዜማና ለትረካ ይስማማል። በሥራ ማስታወቂያ የሚነበበው «ማራኪ ደመወዝ» ግን የባዕድ አነጋገር ግልባጭ ነው፤ አማርኛ «ዳጎስ ያለ ደመወዝ» ይላልና።

ለሰው ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋል። «ማራኪ» በተመልካቹ ላይ የሚደርሰውን ይናገራል፤ «ደመ ግቡ» ግን በባለ መልኩ ፊት ላይ ያለውን። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኢሳይያስ 53፥2 «ደም ግባት»ን ከመልክና ከውበት ለይቶ መጥቀሱ ቃሉ የራሱ ድርሻ እንዳለው ያስረዳል። «ደማም» የሚለውም አለ፤ እንደ «ሀብታም»ና «ጉልበታም» በድኅረ ቅጥያ «-ኣም» የተመሠረተ ነው።

ስለዚህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለሰው «ደመ ግቡ»ንና «ደማም»ን፣ ለትርኢትና ለትረካ «ማራኪ»ን፣ ለደመወዝ «ዳጎስ ያለ»ን፣ ለኃይል «ሳቢ»ን በየፍቹ ለይተው እንዲያሰፍሩ እናሳስባለን። አንዱ ቃል የሁሉን ቦታ ከያዘ፣ የቀሩት በአፍ እያሉ ከጽሑፍ ይጠፋሉ።