ስለ ፕሮሰሰር ሶኬት፤ የሚገባ ሁሉ ይሠራልን?

ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ክፍሎች መካከል ከዓይን ተሰውሮ የመሣሪያውን ዕድሜ የሚወስን ቢኖር ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው አምራቾች ሶኬትን የሚለውጡበት ምክንያት ምን ያህል እንደሚያሳምን ነው።

ነገሩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በሁለቱ ከተሞች ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲዘረፉ ኮምፒዩተሮችም አብረው ጠፍተዋል። እንዲህ ያለ ጥፋት በደረሰበት ቦታ ከሁለት ብልሽት አንድ ደኅና ማውጣት የሚቻለው ክፍሎቹ ሲስማሙ ብቻ ነውና፣ የሶኬት ጉዳይ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሶኬት 7 የኢንቴልን፣ የኤኤምዲንና የሳይሪክስን ፕሮሰሰሮች ይቀበል ነበር። በ1997 ኢንቴል ስሎት 1ን ለብቻው ካወጣ ወዲህ መንገዳቸው ተለያየ።

ከሁሉ ይልቅ የምንነቅፈው የኤልጂኤ 1151ን ታሪክ ነው። ይህ ሶኬት በ2015 ወጣ። በ2017 መጨረሻ ስምንተኛው ትውልድ ሲመጣ የመገናኛ ነጥቦቹ ቁጥር ያው 1151 ሆኖ ሳለ፣ በቀድሞዎቹ ማዘርቦርዶች አይሠራም ተባለ። ኩባንያው የኤሌክትሪክ አሰጣጡ ተለውጧል የሚል ምክንያት አቀረበ። ስድስት ኮር ከአራት ይልቅ ኃይል እንደሚሻ አንክድም፤ ዳሩ ግን የግል ሞካሪዎች ባዮሱን ለውጠው ጥቂት ነጥቦችንም ሸፍነው በአሮጌው ሰሌዳ ስላሠሩት፣ ምክንያቱ ሙሉ ነው ለማለት ያስቸግራል። ቁልፍ ገባ ማለት ጓጉንቸር ተከፈተ ማለት አይደለም፤ ገዢው ግን ይህን የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው።

የኤኤምዲ ኤኤም4 የተሻለ ምሳሌ ነው፤ በ2017 የተገዛ ሰሌዳ በ2020 የወጣውን ራይዘን 5000 ሊቀበል ችሏል። ሆኖም ለመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች ፈቃዱ የመጣው በ2022 ነው። ደግሞም ባዮሱ ካልታደሰ አዲሱ ፕሮሰሰር አይነሣም፤ በብዙ ሰሌዳዎች ባዮሱን ለማደስ ደግሞ የሚነሣ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል።

ለውጥን ሁሉ አንቃወምም፤ ኤኤም5 በ2022 ሲመጣ ከዲዲአር4 ወደ ዲዲአር5 መሸጋገሩ በቂ ምክንያት ነበረው። የምንቃወመው ስም ሳይለወጥ ሥራ መለወጡን ነው። ስለዚህ ለትምህርት ቤት የሚገዛ ሰው የሶኬቱን ስም ብቻ አይጠይቅ፤ ቺፕሴቱንና የባዮሱን ቁጥር ጭምር ጠይቆ አምራቹ ካወጣው ዝርዝር ጋር ያመሳክር። አምራቹም አሠራሩን ሲለውጥ ስሙንም ይለውጥ፤ ከዚህ ያነሰ ሐቀኝነት ለድኻ ገዢ ዕዳ ነው።