አላርሙ ሲደርስ ኮዱ የት ነበር?

በሊኑክስ ላይ ለአንድ ፕሮሰስ ቀጠሮ ለመያዝ አንድ መስመር ኮድ ይበቃል። «አላርም» የሚባለው ሲስተም ኮል በ5 ከተጠራ፣ 5 ሰከንድ ሲሞላ ከርነሉ ሲግአላርምን፣ ማለትም 14 ቁጥር ሲግናልን፣ ይልካል። የሚቀበለው ሀንድለር ካልተጻፈ ፕሮሰሱ ይሞታል። እኔ ግን ይህችን መስመር በማንም ኮድ ውስጥ ባየኋት ቁጥር ቆም ብዬ ከሥሯ ያለውን አነባለሁ፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው በሁለቱ መስመሮች መካከል ነውና።

ከኔትወርክ የሚመጣን መልስ ከ5 ሰከንድ በላይ ላለመጠበቅ የተጻፈ ኮድ እንውሰድ። መጀመሪያ አላርሙ ይሞላል፤ ቀጥሎ «ሪድ» ይጠራና ፕሮሰሱ መልስ ይጠብቃል። ሲግናሉ ሲደርስ ሪድ ተቋርጦ ኢኢንትር የተባለውን ስህተት ይመልሳል፤ ፕሮግራሙም ጊዜው ማለፉን ያውቃል። የታሰበው ይህ ነው። ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ግን ከርነሉ ፕሮሰሱን ከሁለቱ መስመሮች መካከል ላይ አስቁሞ ተራ ሊያስጠብቀው ይችላል። 5ቱ ሰከንድ እዚያ ካለቀ፣ ሪድ ገና ሳይጀመር ሀንድለሩ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ ሪድ ይጀምራል፤ የሚያቋርጠው ሲግናል አልፏል፤ መልሱ ካልመጣ ፕሮሰሱ እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ላፕቶፕ ላይ ሲሞከር ይህ አይታይም። የሚከሰተው ሰርቨሩ በተጨናነቀበት ሰዓት ነው፤ ሎጉም ምንም አይናገርም።

ሀንድለሩ በ«ሲግናል» ፈንክሽን ከተመዘገበ ደግሞ ይብሳል። የሲ ላይብረሪው ጂሊብሲ ኤስኤ ሪስታርት የተባለውን ፍላግ ሳይጠየቅ ስለሚጨምርበት፣ የተቋረጠው ሪድ ራሱን መልሶ ይጀምራል። አላርሙ በሰዓቱ ደርሶም ፋይዳ የለውም።

ትክክለኛው መንገድ ሲግናሉን አስቀድሞ ማገድና እገዳውን ማንሳትንና መጠበቅን በማይነጣጠል አንድ እርምጃ ለሚፈጽመው ለ«ፒሰሌክት» መተው ነው። ሊኑክስ ራሱ ይህን ያገኘው በ2.6.16 ከርነል ነው፤ ከዚያ በፊት ጂሊብሲ ያቀርበው የነበረው ምትክ እገዳውን አንስቶ ቀጥሎ ስለሚጠብቅ ያንኑ ክፍተት ይዞ ነበር።

ሀንድለሩ ውስጥም ሥራ መብዛት የለበትም። ዋናው ኮድ «ማሎክ» ውስጥ ሎክ ይዞ ሳለ ሲግናል ቢደርስና ሀንድለሩም ማሎክን ቢጠራ፣ ትሬዱ ራሱ የያዘውን ሎክ ሲጠብቅ ይኖራል። ፕሪንትኤፍም አይፈቀድም። አንድ ባንዲራ መትከል ወይም በ«ራይት» አንድ ባይት ወደ ፓይፕ መላክ ይበቃል።

ዛሬ ለሊኑክስ አዲስ ኮድ ስጽፍ የምመርጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ከ2.6.25 ከርነል ጋር የመጣውን ታይመርኤፍዲ ነው። ቀጠሮው የፋይል ዲስክሪፕተር ሆኖ ከሶኬቶቹ ጎን በ«ኢፖል» ይጠበቃል፤ ሲነበብ ስንት ጊዜ እንደደረሰ የሚገልጽ የ8 ባይት ቁጥር ይሰጣል። በሞኖቶኒክ ሰዓት ከተሠራ የማሽኑን ሰዓት ማንም ቢያስተካክለው አይዛባም። በሁለት መስመር መካከል ዘሎ የሚገባ ነገር የለም።

አላርምን የማልተውበት አንድ ቦታ አለ፦ ፕሮሰሱ ጊዜው ሲያልፍ እንዲሞት ብቻ ሲፈለግ። ሞቱ በየትኛውም መስመር ላይ ቢደርስ ያው ስለሆነ ክፍተቱ አያሳስብም። ቀጠሮው በ«ኤክሰክቪ» ጊዜ ስለማይሰረዝ፣ አላርሙን ሞልቶ ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት ይቻላል፤ በ«ፎርክ» ለሚወለድ ልጅ ግን አይተላለፍም። የተነሳው ፕሮግራም አላርሙን ራሱ ሊሰርዘው ስለሚችል፣ ለማላምነው ኮድ «ታይምአውት» የተባለውን ትዕዛዝ እጠቀማለሁ፤ ከውጭ ሆኖ ሲግተርምን ይልካል፣ በኬ አማራጭ ደግሞ እምቢ ላለው ሲግኪልን ያስከትላል።